ካሴቱ ያልያዘው ቤዝ

«የኔ ልጅ፣ ጥሩ ትጫወታለህ። የዚች ዘፈን ቤዝ ግን እንዲህ አልነበረም።»

ይህን ያሉኝ ሰው ሰባዎቹን ያጋመሱ ይመስላሉ። ሁለተኛውን ዙር ጨርሰን ከመድረክ ወርደናል፤ እኔ ከኩሽናው ጎን ባለችው ጠባብ ኮሪደር ቆሜ ላቤን አደርቃለሁ። ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው እንዲህ ያለ አስተያየት አልለመደም። ዘፋኙን አቅፈው ይስሙታል። ሊድ ጊታሪስቱን «እጅህ ይባረክ» ይሉታል። ድራመሩ እንኳ ቢያንስ ቢራ ይላክለታል። ሽልማት ሲመጣ ብሩ የሚለጠፈው ዘፋኙ ግንባር ላይ ነው፤ የቤዝ ተጫዋች ግንባር ላይ ብር ሲለጠፍ እስካሁን አላየሁም። ለእኔ የሚደርሰኝ፣ ከደረሰ፣ «ያንተ ጊታር ለምን አራት ክር ብቻ ሆነ?» የሚል ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሰውየው ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ቤዙን ለይተው መስማታቸው ራሱ ገረመኝ። «አልነበረም» ያሏት ቃል ግን አልለቀቀችኝም። ቤቴ ገብቼም፣ በማግስቱ ታክሲ ውስጥም፣ ልምምድ ላይም ትነዘንዘኝ ጀመር። ታዲያ እንዴት ነበር?

እኛ የሰው ዘፈን የምንጫወት ባንድ ነን። ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ባለ ክለብ እንሠራለን፤ ጥር ሲገባና ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ ከሰርግ ሰርግ እንዞራለን። በሁዳዴ ሥራ ስለማይኖር መሣሪያ እንጠግናለን፣ ብድር እንጠያየቃለን፣ እርስ በርስ እንጣላለን። ምሽቱ የሚጀምረው እራት ለሚበላው ሰው በሚሆን ለስላሳ የመሣሪያ ሙዚቃ ነው፤ ከዚያ ጥላሁን፣ ማሕሙድ፣ ብዙነሽ፣ አስቴር ይመጣሉ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጉራጊኛው፣ ኦሮምኛው፣ ትግርኛው፣ ወላይትኛው ይከተላል፤ ያኔ ወንበር ላይ የሚቀር የለም። እናቴ ይህን ሥራ በአንድ ተረት ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ»። መቼ ነው የራስህን የምትጫወተው ማለቷ ነው። ለእሷ የሚሆን መልስ ኖሮኝ አያውቅም። የኮሪደሩ ሰው ግን ጥያቄውን ከወዲያኛው ጫፍ አመጡብኝ። የሰው ነው ብዬ ተጠንቅቄ የያዝኩት ወርቅ፣ በእርግጥ የባለቤቱ ነው ወይ?

እንደ ካሴቱ

የክለብ ሙዚቃ አንድ ሕግ አለው፤ «እንደ ካሴቱ»። ካሴት ከገበያ ከወጣ ስንት ዘመኑ፤ ሕጉ ግን አልተሻረም። ደንበኛው ዘፈን ሲያዝ የሚያዘው ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው ውስጥ የተቀመጠውን ነው። መግቢያውን ብታሳጥርበት ያውቃል፣ ሳክስፎኑ የሚገባበትን ቦታ ብትዘል ያውቃል። የኛ ዘፋኝ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ሳይቀር ከካሴቱ የተቀዳ ነው። የባንዱ መሪ ኪቦርዲስታችን ነው፤ አዲስ ዘፈን ሲያመጣ «ከካሴቱ አውጥታችሁ ኑ» ብሎ ይበትነናል። እያንዳንዱ እቤቱ ቁጭ ብሎ፣ እያቆመ እያስኬደ፣ የራሱን ድርሻ ኖታ በኖታ ያወጣል።

ለሌሎቹ ይህ ልፋት ብቻ ነው። ለቤዝ ተጫዋች ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር፣ ኢ የምንለው፣ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። እነዚያ ዘፈኖች የተሰሙባቸው ቴፖች ደግሞ መዳፍ የሚያህል ስፒከር ነው ያላቸው፤ እንዲህ ዝቅ ያለ ድምፅ ከውስጣቸው አይወጣም። የሚወጣው ከበላዩ ያለው የድምፁ እጥፍ ነው፤ የታችኛውን ጆሮ ራሱ ገምቶ ይሞላዋል። ሚኒባስ ውስጥ ሆነን ሰማነው የምንለው ቤዝ ግማሹን ስፒከሩ፣ ግማሹን የራሳችን ጭንቅላት ነው የተጫወተው ማለት ነው። በዚያ ላይ እጃችን የገባው ካሴት የቅጂ ቅጂ ነው። በተቀዳ ቁጥር ጣት ክሩን ሲመታ የምትሰማዋ ጠቅታ እየደበዘዘች ትሄዳለች፤ እሷ ከጠፋች አንዱ ኖታ የት አልቆ ሌላው የት እንደተነሣ መለየት ያስቸግራል። ቴፑ ከፈጠነ ወይ ከዘገየ ደግሞ ዘፈኑ ከሁለት ኖታ መሀል ይወድቃል። አንዳንዱን ለማውጣት አራቱንም ክሮች ለዚያ ካሴት ብቻ እንደገና መቃኘት ነበረብኝ።

«አሁን እኮ ዩቲዩብ አለ» ይሉኛል። አለ። እዚያ የተጫነው አብዛኛው ግን ያው ካሴት ነው፣ ከነሹሹታው። ዕድለኞቹ በሸክላ የታተሙት ናቸው። የአምሃ እሸቴ አምሃ ሬኮርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ካወጣቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀመረው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሲዲ ላይ ተመልሰው ሲወጡ ቤዛቸው ፍንትው ብሎ ተሰማ። ብዙ ቤዚስት ያንን ሰምቶ የለመደውን ከልሷል። የኔዋ ዘፈን ግን ሸክላ አብቅቶ ካሴት ከነገሠ በኋላ የተሠራች ናት። ስሟን አልጠራም፤ ከጠራኋት ወሬው ሁሉ ስለ ዘፋኙ ይሆንና ቤዙ እንደ ልማዱ ይረሳል።

ከዚህ የባሰም አለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙው ካሴት የተሠራው በኪቦርድና በድራም ማሽን ነው። ቤዙን የተጫወተው የአቀናባሪው ግራ እጅ ነው። ያ የኪቦርድ ቤዝ የተፈጠረው ቤዝ ጊታርን ለመምሰል ነበር፤ እኔ ደግሞ ዛሬ መድረክ ላይ ቆሜ ያንን ኪቦርድ ለመምሰል ጣቴን አጣምማለሁ። አንዳንዱ መስመር ለአራት ክር የታሰበ ስላልሆነ እጅ አይደርስበትም። ሰርግ ላይማ አንድ ሰው ከአንድ ኪቦርድ ጋር ቀኑን ሙሉ ያስጨፍራል፤ ለሙሽራው ቤተሰብ አምስት ሰው ከመቅጠር ይረክሳል። ኪቦርዲስታችን ሲናደድብኝ ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ያሳየኛል። መልእክቱ ይገባኛል።

ሰዓት እላፊ

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ከካሴቱ ነው ያወጣኋት» አልኳቸው፤ መከራከሬም አልነበረም።

«ካሴቱን ተወው» አሉ። «እኔ እዚያው ነበርኩ።»

ከዚያ በኋላ ያወሩኝ ደርግ ከተማዋን በሰዓት እላፊ ስለዘጋባቸው ሌሊቶች ነው። ሂልተን ሆቴል ዋልያስ ባንድ፣ ጊዮን ሆቴል ዳህላክ ባንድ የሚጫወቱበት ዘመን። «ሰዓቱ ካለፈ መውጣት የለም። በሩ ይዘጋል፤ እስኪነጋ እዚያው ነህ። ባንዱም አብሮህ ተቆልፎበታል። ምን ያድርጉ? ይጫወታሉ። አንዷን ዘፈን እንደ ጉድ ያስረዝሟታል። ዘፋኙ ደክሞት ይቀመጣል፤ እነሱ ይቀጥላሉ።» እሳቸውና ጓደኞቻቸው ጠረጴዛ ለመያዝ አቅም ስላልነበራቸው ከመድረኩ ጥግ፣ ከቤዙ ስፒከር አጠገብ ይቆሙ ነበር። «ያንን ቤዝ በጆሮዬ አልሰማሁትም ልጄ። በዚህ ነው የሰማሁት» ብለው ከቀበቷቸው ከፍ ብሎ ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ።

ቀጥለው ደግሞ አንጎራጎሩልኝ። ይህንን ክፍል ደጋግሜ ስለማስበው በዝርዝር ልንገራችሁ። ግራ እጃቸው የሸሚዜን እጅጌ ያዘ፤ የቀኙ መዳፍ ግድግዳውን በስድስት ምት መምታት ጀመረ፣ ለስለስ አድርጎ፣ ችክችካውን። ድምፃቸው የዘፋኝ ድምፅ አይደለም፤ ሻካራ ነው፣ ከደረት የሚወጣ። አንድ ሲሉ ግድግዳው ይመታል፣ አፋቸው ግን ዝም ነው። ከዚያ ዘግይቶ «ዱም» ይላል። «…ዱም። ዱ-ዱም።» አንድ አስተናጋጅ የክትፎ ጣባ የደረደረበትን ትሪ ይዞ በመሀላችን አለፈ፤ ቆም አሉና ከመጀመሪያው ደገሙት። እኔ ጊታሬ ስለሌለ ጣቶቼን ሱሪዬ ላይ አንቀሳቅሳለሁ። ሳላስበው «አንድ» ላይ፣ የመጀመሪያው ምት ላይ፣ ጣቴን አሳረፍኩ። አዩኝ።

«እሷን አትንካት» አሉኝ። «የመጀመሪያዋን ተዋት። እነሱ ይምጡባት።»

እነሱ ያሏቸው ዘፋኙንና የቀረውን ባንድ ይሁን ጨፋሪውን አልጠየቅኋቸውም። ስልኬን አውጥቼ ልቅዳቸው ስል አንድ ጎረምሳ መጣና «አጎቴ፣ ኬኩ ሊቆረስ ነው» ብሎ ወሰዳቸው። የልጁ ምርቃት ነበር። ስማቸውን እንኳ አልያዝኩም፤ ከዚያ ወዲህም ክለባችን መጥተው አላየኋቸውም።

ነገርን ከሥሩ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። እኔም እቤቴ ቁጭ ብዬ የሳቸውንና የኔን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

ዘፈኗ ትዝታ ናት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። (ትዝታ ማይነር ማለቴ አይደለም፤ እሷ ሚ እና ላን በግማሽ ድምፅ ታወርዳቸዋለች።) ከካሴቱ ያወጣሁት ቤዝ እያንዳንዱን ስንኝ በመጀመሪያው ምት ዶ ላይ ያሳርፈዋል፤ ወደ ሶል፣ ወደ ላ ወጣ ብሎ ተመልሶ ዶ። ዘፋኙ በፈለገው መንገድ ቢዞር ቤቱ ክፍት ነው፣ ዶ ትጠብቀዋለች። ሰውየው ያንጎራጎሩት ግን የመጀመሪያውን ምት ባዶ ይተወዋል። ከታች፣ ከላ ይነሣል። ላ ላይ ይከርማል፣ ወደ ሶል ዝቅ ይላል፣ ዶን የሚነካት ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ አፉን ሲገጥም ነው።

በጽሑፍ ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። ግን ጊታር ያለው ሰው ይሞክረው፤ አንድ ሰው ትዝታን ያዚምለት፣ እሱ መጀመሪያ ከሥሩ ዶ፣ ቀጥሎ ላ ይምታበት። ዘፋኙ አንዲት ኖታ አልቀየረም፤ ዜማው ግን ይከፋዋል። መጀመሪያ ያለፈውን እያስታወሰ የሚደሰት ሰው የነበረው፣ አሁን ያለፈው እንደማይመለስ የገባው ሰው ይሆናል። ይህን ያደረገው ከሥር ያለው አንድ ድምፅ ነው፤ ያ ድምፅ ደግሞ የኔ ሥራ ነው። ለዓመታት ዶን ስመታ የኖርኩት ካሴቱ ዶ ስላለኝ ነው። ካሴቱ በእርግጥ ዶ ብሎኛል? መልሼ አዳመጥኩት፣ በደህና ማዳመጫ። አንድ ላይ የሆነ ነገር አለ፤ «ቡም» የሚል። የድራሙ የእግር ምትም ሊሆን ይችላል። ዶ ያልኩት፣ እዚያ ዶ መኖር አለበት ብዬ ስለገመትኩ ይመስለኛል። ከኔ በፊት ያወጣውም ሰው እንዲሁ ገምቶ ይሆናል፤ የከተማው ቤዚስት ሁሉ እንዲህ ነው የሚጫወታት፣ አንዱ ካንዱ እየሰማ።

ሌላም ነገር አለ። ክራርና ማሲንቆ ዜማውን እየተከተሉ ያጅባሉ እንጂ ከሥር ኮርድ፣ አብረው የሚሰሙ ኖታዎችን፣ አያነጥፉም። ባንዶቹ ሲመጡ ነው «ከዚህ ቅኝት በታች ምን ይቀመጥ?» የሚለው ጥያቄ የተነሣው። ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰል፣ ለአንቺሆዬ የተጻፈ የቤዝ መጽሐፍ ማንም አልሰጣቸውም። የዋልያሱ መላከ ገብሬ፣ የአይቤክስና የሮሃው ጆቫኒ ሪኮ፣ ሌሎችም ስማቸውን የማናውቃቸው፣ በየሌሊቱ በጣታቸው ነው የወሰኑት። ካሴቱ ላይ የዘፋኙ ፎቶ አለ፣ ከጀርባው የባንዱ ስም ይኖራል፤ ቤዙን ማን ተጫወተ የሚል ግን ብዙ ጊዜ የለም። ይህ የኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ፣ ዲትሮይት ላይ በብዙዎቹ የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ዘፈኖች ሥር የነበረው ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰንም ለዓመታት ስሙ ሸክላው ላይ አይጻፍለትም ነበር።

እሺ፣ ሰውየውስ ተሳስተው ቢሆን? ያኔ ወጣት ነበሩ፣ ሌሊቱ ረጅም ነው፣ መጠጡም አለ። ሁለት ዘፈን ቀላቅለው ሊሆን ይችላል። የሰው ትዝታም እንደ ካሴት በተቀዳ ቁጥር ይደበዝዛል። ይህን ለራሴ ስል ቆየሁና ሌላው ሐሳብ መጣ፤ ሁለቱም ልክ ቢሆኑስ? ያኔ ቀረጻ ማለት ብዙ ጊዜ ባንዱ ሰብሰብ ብሎ በአንድ ጊዜ መጫወት ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ካሴት የተቀዳው እዚያው ጊዮን ክለብ ውስጥ ነው። ካሴት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ባንዱ ያቺን ዘፈን በሌሎቹ ሌሊቶች እንዴት እንደተጫወታት ካሴቱ አያውቅም፤ በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ስፒከር ሥር የቆመው ወጣት ግን ያውቃል። ኦሪጂናል የምንለው ከብዙ ሌሊት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ስለተቀዳ ብቻ ንጉሥ ሆነ።

ይህን ያህል ከተፈላሰፍኩ በኋላ ያደረግሁት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ክሮቼን መቀቀል ተውኩ። ቤዝ የማይጫወት ሰው ይስቅ ይሆናል። የቤዝ ክር ከውጭ ስለሚመጣ ውድ ነው፤ ሲያረጅ ላብና እድፍ በጥምጥሙ መሀል ይገባና ድምፁ ይደፈናል። መድኃኒቱ ፈትቶ ድስት ውስጥ ማፍላት ነው፤ ቅባቱ ይለቅና ለጥቂት ጊዜ እንደ አዲስ ይንቆረቆራል። እናቴ ያንን ድስት ለይታ ምልክት አድርጋበታለች። የሰውየውን መስመር በደፈነ ክር ስሞክራት ግን ይበልጥ ተስማማችኝ፤ ድስቱም ዐረፈ።

ግራ እጅ

ልምምድ ላይ ሳመጣት መጀመሪያ የገባው ድራመሩ ነው። «አንድ ላይ ብቻዬን ልትተወኝ ነው?» አለ፤ ግን ፊቱ ላይ ደስ ያለው ይመስላል። ዘፋኙ ሁለት ስንኝ ከሄደ በኋላ አቆመ።

«መሬቱን ከሥሬ አነሣህብኝ» አለኝ። «ወደየት ነው የምገባው?»

ኪቦርዲስታችን አልጮኸም። «ሰው የሚከፍለን እንደ ካሴቱ እንድንጫወት ነው። እዚህ አገር ቤዝ ሰምቶ የሚከፍል የለም» አለ። አንድ አለ ልለው አሰብኩና የሰውየውን ስም እንኳ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ያም ሆኖ ልምምዱ አልቆ መሣሪያ ስንጠቀልል በሁለተኛው ስንኝ ብቻ፣ ሰው ሲሳሳ፣ እንድሞክራት ተስማማን። አንድ ጊዜ።

የሞከርናት ሐሙስ ሌሊት ነው። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ላይ ነበርን፤ ከመሬት ጋር ባልተያያዘ የመብራት መስመር ላይ አምፕሊፋየሬ እምምም ማለት ይወዳል። የመብራቱ ሞገድ በሴኮንድ 50 ጊዜ ነው፣ የቤዝ ዝቅተኛዋ ጂ ኖታ ደግሞ 49፤ ስለዚህ ጄኔሬተር ባለበት ሌሊት ሁሉ ከጂ ጥቂት ከፍ ያለች አንዲት ኖታ ሳልጠራት አብራኝ ትጫወታለች። ቤቱ ውስጥ የቀረው ሰው ጥቂት ነው፣ የሚጨፍሩትም አንድ ባልና ሚስት ብቻ። ሁለተኛው ስንኝ ደረሰ። አንድ ላይ ጣቴን አነሣሁ። የድራሙ እግር ብቻውን መታ። ላ ገባሁ።

ዞር ብሎ ያየ ሰው የለም። ባልና ሚስቱም አላቆሙም። የሆነው ዘፋኙ ላይ ነው። ሁልጊዜ ስንኙን የሚጀምረው አንድ ላይ ከኔ ጋር እኩል ነው፤ አሁን እዚያ ማንም ስላልነበረ ዘገየ። ግማሽ ምት ዘግይቶ ገባ፣ ቃሉን ጎተታት፣ መጨረሻዋን ያለወትሮው አንቀጠቀጣት፤ ዶ እስክትመጣለት እየጠበቀ ነበር። ስመጣለት እንደ ካሴቱ ወደ ሦስተኛው አልሄደም፤ ያንኑ ስንኝ ደገመው። ድራመሩ አየኝ። እኔ ጣቴን አየሁ። በዚሁ መሀል ኪቦርዲስታችን አላስችል ብሎት በግራ እጁ ዶን ከሥር አስቀመጣት፤ የኔ ላ እና የሱ ዶ ተጋጭተው ቤዙ ጭቃ ሆነ። ያ ሁሉ ምናልባት አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ከመድረክ ስንወርድ ዘፋኙ «አልወደድኳትም» አለኝ። ዛሬም አልወደዳትም። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ ከዚያ ሌሊት ወዲህ እኔ እንደ ካሴቱ ዶን ስመታለት እንኳ በዚያ ስንኝ ላይ ይዘገያል፤ ካሴቱ ላይ በሌለ ቦታ ትንፋሽ ይወስዳል። ነግሬው አላውቅም፤ ከነገርኩት ይተዋል። ከኪቦርዲስታችን ጋር ደግሞ ተደራድረን እዚህ ደርሰናል፤ ከእኩለ ሌሊት በፊት ካሴቱ፣ ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ስንኝ ላይ ግራ እጁ ይነሣል። ሰርግ ላይ ግን አይሆንም ብሏል፤ «ሰርግ ላይ መሬት አይነሣም»። እዚህ ላይ ሳልከራከር ተስማምቻለሁ፤ የሙሽራው አያት እየጨፈሩ አንድን ባዶ መተው ለጉልበታቸውም ጥሩ አይደለም።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ ያንን ስንኝ በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። ከሌላ ከተማ አንድ ወጣት ቤዚስት በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ወንድሜ፣ ይህችን ቤዝ ከየትኛው ካሴት ነው ያወጣኸው? እኔ ጋ ያለው ላይ የለችም፤ ጥራቱ ደህና የሆነ ካለህ ላክልኝ።» ካሴት እንደሌለ፣ ኮሪደር ላይ ከአንድ ትልቅ ሰው እንደሰማኋት ነገርኩት። አላመነኝም መሰለኝ፤ «እሺ የሰማኸውን ላክልኝ» አለ። ጊታሬ ክለቡ ስለነበር በድምፅ መልእክት፣ ጠረጴዛ እየመታሁ፣ አንጎራጉሬ ላክሁለት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መለሰ፤ «ወደ ዶ ስትመለስ የምትረግጣት ሶል ናት ወይስ ሬ?»

የራሴን ድምፅ ደግሜ ከፍቼ ሰማሁት። ሶል ይመስለኛል ብዬ ጻፍኩለት።